ያልታየው በሬ

ሲቲ ባሏ አገር ያሳቀ ሰው መሆኑን የምታውቀው በወሬ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ሲያስቅ አላየችውም። ኢብሮ ለእሷ ሱብሒን ሰግዶ ወደ ሽንኩርት ማሳው የሚወርድ፣ የቆቦ ፀሐይ ሲበረታ የሚመለስ፣ ምሳውን በልቶ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ የሚያንቀላፋ ዝምተኛ ሰው ነው። ሲቆጣም በዝምታ ነው፤ ሲደሰትም በዝምታ። ሦስት ልጆች አሳድገው ድረዋል። ከሦስቱ አንዳቸውም አባታቸው ሲቀልድ ሰምተው አያውቁም።

ወሬው ግን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ይከተላታል። ያን ቀን ከአዲስ አበባ ሦስት የኢብሮ የድሮ ባልደረቦች መጥተው ነበር። ሙሽራው ዳሱ መግቢያ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ቢል ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ኢብሮ ምንም አላደረገም። የጫማው ክር ተቋጥሮበት ሲታገል ነበር፣ በቃ። ሲቲ ግራ ገብቷት ሚዜዋን «ምን አይተው ነው?» አለቻት። ሚዜዋም አላወቀችም። በኋላ ከሰዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «ሙሽሪት፣ ያገባሽው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይሄ ሰው በቴሌቪዥን በሚወጣበት ሰዓት አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሰው አይታይም ነበር» አላት።

በዚያ ዘመን በሰፈሯ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አልነበረም። ሲቲ ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር በዓይኗ ያየችው ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላ ነው፤ ያኔ ኢብሮ ሥራውን ትቶ አገሩ ገብቶ ገበሬ ከሆነ ቆይቷል። ፕሮግራሙ በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር የተቀረፀና የተቀመጠ ምስል የለም። ያየው ሰው አይቶ፣ ስቆ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተኝቷል። አለቀ።

«እስቲ አንድ ጊዜ አሳየኝ» ብላ ለምናዋለች። በሙሽርነቷ ጊዜ ለመነችው፤ ልጆቹ ሕፃን ሳሉ ለመነችው፤ ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ጭር ካለ በኋላም ለመነችው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ካሜራ ከሌለ አይሆንም።»

«ካሜራው ምን ይሠራልሃል? እኔ አለሁ አይደል የማይህ?»

«አይሆንም አልኩሽ ሲቲ።»

እሷም በመጨረሻ ተወችው። ባል ማለት ሁሉ ነገሩ የሚታወቅ ሰው አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች።

ባለፈው የካቲት፣ ሽንኩርቱ ለነቀላ በደረሰበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ኢብሮ ማሳ ወርዶ ስለነበር ያነሳችው ሲቲ ናት። የምትናገረው አንዲት ወጣት ሴት ነበረች።

«አሰላሙ አለይኩም እማማ። የአቶ ኢብራሂም ቤት ነው? ኢቅራ እባላለሁ፤ የዋጃ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ነው የማስተምረው፤ ስለ ጥንቱ የቴሌቪዥን ቀልድ እየጻፍኩ ነው። አሁን አዲስ አበባ ነኝ፤ አጠገቤ አንድ ሰው አሉ…»

አላስጨረሳትም። የሽማግሌ ድምፅ ስልኩን ቀማት። «ኢብሮ አለ? በሕይወት አለ?»

«ማን ልበል?» አለች ሲቲ።

«እሸቴ ነኝ። እሸቴ በይው። በጦርነቱ ጊዜ ሞተ ብለውኝ እኮ፣ ተስካሩን ላወጣለት ምንም አልቀረኝም፤ እስላም መሆኑን የማላስታውስ ይመስል! አለ ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ አለ። ሽንኩርት እየነቀለ ነው።»

ሲቲ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት «ሀሎ?» ስትል ሽማግሌው «ሽንኩርት!» አለ፤ ቀጥሎ የሰማችው ድምፅ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አቃታት። ከዚያ ኢቅራ ስልኩን ተቀብላ፣ ማክሰኞ ሁለቱም ወደ ቆቦ እንደሚመጡ ነገረቻት።

ሲቲ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማሳው ወረደች። ኢብሮ እመስኖው ቦይ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሽንኩርቱን እያራገፈ ነበር።

«እሸቴ የሚባል ሰው ደውሎ ነበር» አለችው።

እጁ ቆመ።

«ማክሰኞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ፣ እስከዚህ ድረስ።»

ኢብሮ አንድ ጊዜ ያራገፈውን ሽንኩርት አንስቶ እንደገና ያራግፈው ጀመር። አፈር አልነበረበትም። ሲቲ አጠገቡ ተቀመጠች። አርባ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች። እሱም ፊቱን ወደ ዞብል ተራራ አዙሮ ቆየና፣ ነግሯት የማያውቀውን ነገር መናገር ጀመረ።

አዲስ አበባ የሄደው ሊማር ወይም ሊነግድ አልነበረም። በሃያ አራት ዓመቱ ሥራ ሲፈልግ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገመድ ሳቢ ሆኖ ተቀጠረ። የዚያ ዘመን ካሜራ እንደ ጋሪ በጎማ የሚገፋ ነበር፤ ከኋላው እንደ ክንድ የወፈረ ገመድ ይጎተታል። ካሜራው ወደ ፊት ሲሄድ ገመዱን የሚለቅ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ኢብሮ ነበር። እሸቴ ደግሞ ካሜራውን የሚይዘው ነው።

«አንድ ምሽት ዘፋኙ ቀረ» አለ ኢብሮ። «ስርጭቱ ቀጥታ ነው፤ ባዶ ግድግዳ ማሳየት አይቻልም። አለቆቻችን ይሯሯጣሉ። እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም፤ ጥግ ላይ ሆኜ የሌላውን ካሜራ ገመድ እየሳብኩ ነው። ገመዱ በር ሥር ተቀርቅሮ እምቢ አለኝ። አገሬ በሬ ስጎትት እንደማደርገው ወገቤን ይዤ "ኮቱ! ኮቱ!" እያልኩ መታገል ጀመርኩ።»

ሲቲ ፈገግ አለች። ኮቱ ማለት ና ማለት ነው፤ የራያ ሽማግሌዎች ዛሬም ከብት ሲጠሩ የሚሉት የኦሮምኛ ቃል ነው።

«ቀና ስል እሸቴ ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮታል። ከላዩ ያለችው ቀይ መብራት በርታለች። አገሩ ሁሉ እያየኝ ነው ማለት ነው። ምን ላድርግ? ለካሜራው እጅ ነሳሁና መጎተቴን ቀጠልኩ። ሰው የሚያየው እኔንና ገመዱን ብቻ ነው። የተቀረቀረበትን በር አያይም። ከዚያ ወዲያ ያለው በሬ ነው ብሎ ሁሉም በየቤቱ አመነ።»

በማግስቱ በየቢሮው የሚወራው ስለ በሬው ሆነ። ከእሱ በፊት በቴሌቪዥን የሚቀልድ ሰው እንደ ቲያትር ቤት መጋረጃ ፊት ቆሞ ያወራ ነበር። እሸቴና ኢብሮ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አገኙ። ተመልካች የሚያየው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ከሳጥኑ ውጪ ያለው ዓለም ሁሉ የእነሱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ተጫወቱበት። ኢብሮ በግራ ወጥቶ በቀኝ ይገባል። ከላይ ኮፍያ ይወርድለታል፤ ከታች እጅ ወጥቶ ኮፍያውን ይቀማዋል። ከኮቱ በቀር ቃል አይናገርም። እውነተኛ በሬ አንድም ቀን አልታየም። ሰው ግን በመልኩ ተከራከረ፤ አንዱ ቀይ ነው አለ፣ አንዱ ቦቃ ነው አለ። የአዲስ አበባ ልጆች ትምህርት ቤት ሲጠራሩ ኮቱ መባባል ያዙ።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አለች ሲቲ።

ኢብሮ ሽንኩርቱን አስቀመጠው። «አንዲት ጋዜጠኛ መጣች። "ይሄን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማነው?" አለችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። ስለ እሸቴ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጋዜጣው ወጣ፤ እሸቴ አነበበው፤ ምንም አላለኝም። ሥራውን ይሠራል፣ ካሜራውን ይይዛል፤ ሰላምታ ግን የለም። ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ታመመች ተባለና ወደዚህ መጣሁ። እሷን ስታመም መሬቱ ያዘኝ፤ አንቺም ያዝሽኝ፤ ቀረሁ። ይቅርታ ብዬ ልጽፍለት አንድ ዓመት አሰብኩ፣ ሁለት ዓመት አሰብኩ። ከዚያ በኋላ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝ።»

ሲቲ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «እንኳን በሕይወት እያለህ መጣ» አለችው፤ «አብሽር። ሰው የሚያህል ነገር ሊመጣልን ነው፤ ተነስና ግቢውን እናጽዳ።»

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ሲጸዳ ሰነበተ። ለእንግዳው ዶሮ ሊታረድ ነው፤ እሸቴ ደግሞ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ሲቲ ዶሮዋን ይዛ ጎረቤቷ የትናየት ዘንድ ሄደች። የዓቢይ ጾም ገና አልገባም ነበርና የትናየት በደስታ ተቀበለቻት፤ ባሏ ጋሹ አረደ፣ እሷ በራሷ ድስት ሠራች። እንዲህ ያለው ነገር በመካከላቸው አዲስ አይደለም፤ የትናየትም የእስላም እንግዳ ሲመጣባት ዶሮዋን ይዛ ኢብሮ በር ላይ ትቆማለች።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከወልድያ የመጣው አውቶቡስ አስፋልቱ ላይ አወረዳቸውና በባጃጅ ቤት ደረሱ። ኢቅራ ሻንጣዋን በጀርባዋ ያዘለች፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ ቀጭን ልጅ ናት። እሸቴ ረጅም ነው፤ በዚያ ሁሉ የቆቦ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ከዘራ ይዞ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግቢው መሃል ቆመው ተያዩ።

«ኢብሮ።»

«እሸቴ።»

ተሳሳሙ። ሲቲ የምትጠብቀው ልቅሶ ወይም ክርክር ነበር። እነሱ ግን ገብተው ተቀመጡና ስለ ጤና ተጠያየቁ፤ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ፤ እሸቴ ስለ ሽንኩርት ዋግ እንደ ግብርና ባለሙያ ብዙ ጠየቀ፤ ኢብሮም ብዙ መለሰ። ዶሮው ቀርቦ ተበላ። ሁለት ሰዎች በእግራቸው መካከል የተኛ ውሻ እንዳይረግጡ እንደሚጠነቀቁት ሁሉ፣ ዋናውን ነገር እየዞሩ ሄዱ።

ያነሳችው ኢቅራ ናት። ስልኳን ከፍታ መቅረፅ ጀመረችና፣ «አባባ፣ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅ» አለች። «በሬው ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ» አለ ኢብሮ።

«ዳለቻ» አለ እሸቴ፣ በአንድ አፍታ።

«ምን ዳለቻ! እኔ እኮ ነኝ የጎተትኩት።»

«እኔ ደግሞ በካሜራ ያየሁት።»

«ምኑን አየኸው? በሬ አልነበረም እኮ እሸቴ!»

«ቢኖር ዳለቻ ነበር!»

ኢቅራ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሲቲ አልሳቀችም። ትሪውን አስቀምጣ በሁለቱ መካከል ቆመች። «ሁለታችሁም አያችሁት፤ አዲስ አበባ ሁሉ አየው። እኔ ብቻ አላየሁም። እስቲ ዝም በሉና አሳዩኝ።»

እሸቴ መነጽሩን አወለቀ። «አላየሽውም? እህቴ፣ አርባ ዓመት አብረሽው ኖረሽ?»

«ካሜራ ከሌለ አይሆንም ይለኛል።»

እሸቴ ቀስ ብሎ ወደ ኢብሮ ዞረ። «ካሜራ ነው ያልካት?»

ኢብሮ ምንጣፉን እያየ ነበር። «ካሜራ ስል…» አለ። «ካሜራውን የያዘው ማን ነበር?»

ሲቲ ያኔ ገባት። ያን ሁሉ ዓመት እሷን የነፈጋት መስሏት ነበር። እሱ ግን ሊሰጣት የሚችለው ግማሹን ብቻ ነበር፤ ግማሹን ብቻ ሊሰጣት አፍሮ ቆየ።

እሸቴ ከዘራውን ይዞ ተነሳ። «ልጄ፣ ስልክሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሄዳል?»

«ይሄዳል አባባ» አለች ኢቅራ።

«በቀጥታ?»

«በቀጥታ።»

«እንግዲያው ዐስር ሰግዶ ይምጣ። አሁን ፀሐይዋ ከራስ በላይ ናት፤ ፊቱን ታጠቁርብኛለች።»

ወሬው ከግቢው ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ዐስር ተሰግዶ ሳያልቅ የትናየት መጣች፤ ከማዶ ጎረቤቷ ራህመት ከሁለት እህቶቿ ጋር መጣች፤ ሽንኩርት የሚነቅሉት ሠራተኞች እግራቸውን ታጥበው ገቡ። ሳሎኑ ሞላ። ለሲቲ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጣት። ኢቅራ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ለእሸቴ ሰጠችውና ተመልሳ ሲቲ እግር ሥር ተቀመጠች። እሸቴ ግቢ ውስጥ የቲማቲም ሳጥኖች ደራርቦ ስልኩን አቆመበት፤ ዝቅ አደረገው፣ ከፍ አደረገው፣ በጠጠር አስደገፈው። ጋሹ ከግቢው ቀኝ ጥግ ገመድ እንዲቀበል ተነገረው። ሲቲ ወደ ውጪ ልታይ ብትል ኢቅራ በሩን ዘጋችው። «እማማ፣ በሳጥኑ ብቻ ነው የሚታየው» አለቻት።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሲቲ የራሷ ግቢ ታየ። የጭቃ አጥሩ፣ የፓፓያው ግንድ፣ የተሰቀለው የጤፍ ወንፊት። በየቀኑ የምታየው ነገር ነው፤ ግን ዳርና ዳሩ ተቆርጦ ሲታይ የማታውቀው ቦታ መሰላት። ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በግራ በኩል ኢብሮ ገባ። ወፍራም ገመድ በትከሻው ላይ አልፏል፤ ጫፉ ከሳጥኑ ውጪ ነው። ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ገመዱ ተወጠረና ወደ ኋላ መለሰው። ኢብሮ ዞሮ አየ። ሲቲ ባሏ እንዲህ ሲያይ አይታ አታውቅም። የታዘቡት ሰው ዓይን ነበር፤ ሰው ፊት ልጁ የረበሸበት አባት ዓይን። ወደ ተመልካቹ ዞሮ በትሕትና እጅ ነሳ። «ይቅርታ፣ አሁን ይመጣል» የሚል ይመስላል። ሳበ። እምቢ። ሣር አውጥቶ አሳየ። እምቢ። ሣሩን ራሱ እየቀመሰ በጣም የጣፈጠው አስመሰለ። ራህመት መሳቅ ጀመረች። ኢብሮ በሬውን ተወው፤ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ፣ እግሩን አነባበረ፣ ግድ የሌለው ሰው ሆኖ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር፤ በዓይኑ ጥግ ግን በሬው እየመጣ እንደሆነ ይሰልላል። ገመዱ ትንሽ ረገብ አለ። ፊቱ በራ። ዘሎ ተነስቶ ሲስብ እንደገና ተወጠረ። ያኔ «ኮቱ!» አለ፤ «ኮቱ!» ድምፁ እንደ ልጅ ልመና ቀጭን ነበር።

ሳሎኑ ተንከተከተ። ሲቲም ስቃ ነበር፤ መቼ እንደ ጀመረች ግን አታውቅም። ይህን ሰው ታውቀዋለች ወይስ አታውቀውም? ጉልበቱ የሚያመው፣ ሚስማር ሲጠፋ ቤቱን የሚያምሰው ያ ኢብሮ ነው። እጁም የሱ እጅ ነው። ግን ሰባ አምስት ዓመቱ የት እንደ ሄደ እንጃ።

በመጨረሻ በሬው ልብ የገዛ መሰለ። ኢብሮ እየሳበ በቀኝ በኩል ከሳጥኑ ወጣ። ገመዱ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱን ቀጠለ። ኢቅራ ወደ ሲቲ ጆሮ ጠጋ አለች። «እማማ፣ አሁን ነው ዋናው። ድሮ አቶ ኢብራሂም ገመዱን ለሌላ ሰው ሰጥተው በካሜራው ኋላ ይሮጡና፣ ራሳቸውን ከጫፉ ጋር አስረው በግራ ይገቡ ነበር። ራሱ ጎታች፣ ራሱ በሬ!»

ገመዱ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።

ሳጥኑ ውስጥ አጥሩና የማይንቀሳቀስ ገመድ ብቻ ቀረ። ከውጪ የኢብሮ ማለክለክ ይሰማል። ሲቲ ጉልበቱ መሆኑን ወዲያው ገባት። ተነስታ በሩን ልትከፍት እጇን ሰደደች።

ያኔ ገመዱ ተንቀሳቀሰ። በግራ በኩል መጀመሪያ ጥቁር መነጽር ገባ። ቀጥሎ ሱፍ ኮት። ገመዱ ወገቡ ላይ የታሰረ እሸቴ፣ አንገቱን አስግጎ እያመነዠከ፣ በዝግታ ወደ ሳጥኑ መሃል ተጎተተ። ዕድሜውን ሙሉ ከካሜራ ኋላ የኖረ ሰው ነው፤ ቀና ብሎ ካሜራውን ከፊት ለፊት ሲያየው እውነትም እንደ ደነገጠ በሬ ቆመ። ጋሹ ከቀኝ ቢስብ አልነቃነቅ አለ። የትናየት ከሳቋ ብዛት ራህመት ላይ ወደቀች።

ኢብሮ እያነከሰ በቀኝ በኩል ብቅ አለ። እሸቴን እንዲህ ሆኖ ያገኘዋል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ይህ ከፊቱ ላይ ይነበባል። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ገመድ ጫፍ ተያዩ። ከዚያ ኢብሮ ወደ ካሜራው ዞረ፤ ከኮቱ በቀር ቃል ተናግሮበት ወደማያውቀው ሳጥን።

«በሬው ይሄ ነው» አለ። «ሳጥኑን ያሰበው ይሄ ሰው ነው። ለጋዜጠኛዋ የነገርኳት ውሸት ነበር። ይኸው፣ አገር ይስማልኝ፤ ይቅር በለኝ እሸቴ።»

እሸቴ አላየውም። ማመንዠኩን ጨረሰ፣ ዋጠ፣ ካሜራውን ትክ ብሎ አየና፣

«እምቧ» አለ።

ሲቲ ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላየችም። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ስትስቅና ስታለቅስ፣ ኢቅራ ትከሻዋን ስታቅፋት፣ ሠራተኞቹ እያጨበጨቡ ሲወጡ ብቻ ታስታውሳለች። ግቢ ስትወጣ ሁለቱ ቲማቲም ሳጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እሸቴ የኢብሮን ጉልበት በመዳፉ ያሽለታል፤ ኢብሮ የእሸቴን ገመድ ይፈታል።

«ይቅር ብለሃል ወይ? "እምቧ" ማለት ምን ማለት ነው?» ይለዋል ኢብሮ።

«ጋዜጣውን ባነበብኩ በሳምንቱ ይቅር ብዬህ ነበር። ልነግርህ ብመጣ አገርህ ገብተሃል።»

«ታዲያ አትጽፍልኝም?»

«አንተስ አትጽፍም?»

ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ።

እሸቴ ሁለት ቀን ሊያድር መጥቶ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ኢቅራ የቀረፀችውን ለዋጃ ዘመዶቿ ልካ እነሱ ለሌላው ልከው፣ ጎብዬ ገበያ ላይ አንድ ቲማቲም ሻጭ ኢብሮን አይቶ «ኮቱ!» ብሎ ጮኸበት። ኢብሮ ሰውየውን ዞሮ አየውና እጅ ነሳው፤ ገበያው ሳቀ። ሮቢት ያሉ የሲቲ ዘመዶች ሰምተው ሊጠይቁ መጡ። ኢቅራ ከሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል እየተቀመጠች ጠዋት ጠዋት ትቀርፃለች፤ ማን ምን አሰበ የሚለውን ግን ከሁለተኛው ቀን በኋላ መጠየቅ ተወች፤ «የሁለታችሁ ብዬ ነው የምጽፈው» አለቻቸው፤ ሁለቱም አልተቃወሙም።

በዘጠነኛው ቀን እሸቴ ከመሄዱ በፊት ሲቲን ለብቻዋ ጠርቶ ስልክ አያያዝ አስተማራት። «እህቴ፣ እሱን አትከተይው። ይውጣ፤ ተመልሶ ይመጣል። ካሜራው አይነቃነቅም፤ ሥራው እሱ ነው።» እሷም እሺ አለች። አንድ ኬሻ ሽንኩርት አስጭነው፣ አውቶቡስ ድረስ ሸኝተው ተመለሱ።

በሳምንቱ ሲቲ ልጇ ሀናን ትታላት የሄደችውን ስልክ አውጥታ ኢብሮን ፓፓያው ሥር እንዲቀመጥ አዘዘችው። የተማረችውን ያህል ስልኩን አቆመች። አንድ ደቂቃ አየችው። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላትና ስልኩን ከቲማቲም ሳጥኑ ላይ አንስታ በዝግታ ወደ ግራ አዞረችው። ኢብሮ ከሳጥኑ ሊወጣ መሆኑን ሲያውቅ ወንበሩን ይዞ ወደ ግራ ተንፏቀቀ። እሷ ትንሽ ጨመረች። እሱም ጨመረ። ግቢውን ዙሪያውን ዞሩ፤ እሱ ሳጥኑ ውስጥ ለመቆየት እየተንፏቀቀ፣ እሷ እያመለጠችው፣ ሁለቱም እየሳቁ።

ለእሸቴ ላኩለት። ወዲያው ደወለ። «አይነቃነቅም አላልኩም ወይ?» ብሎ ጮኸ፤ ሲቲ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄን ማን አሰበው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ሲቲ። «እሱ ግን በደንብ ተንፏቀቀ።»

«በሚቀጥለው ወንበሩን አሮጌ አድርጊው» አለ እሸቴ፤ «አንድ እግሩ ቢላቀቅ ጥሩ ነው።»

ሲቲ ጓዳ ገብታ የተሰበረውን በርጩማ መፈለግ ጀመረች፤ ኢብሮ ከውጪ «ምንድነው የምትፈልጊው?» እያለ ይጠራታል።